ከሲኒው ይጀምሩ፣ ድስቱ ይደርሳል

ከደሴ ከተማ፣ ከሆጤ አካባቢ የጻፉልን የ46 ዓመት እናት ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል።

«በአንድ ቤት ስድስት ሆነን እንኖራለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አማቴ። የቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ አብዛኛውን ቀን ተቀምጬ እውላለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጤና ጣቢያ ስመረመር የደም ግፊቴ 136 በ86፣ በባዶ ሆዴ የተለካው የደሜ ስኳር ደግሞ 114 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት ሳያዙ ‹አመጋገብዎን ያስተካክሉና ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ› ብለው ሸኙኝ። በማግስቱ ስኳሩንም፣ ዘይቱንም፣ ጨውንም፣ እንጀራውንም አንድ ላይ አቆምኩ፤ ለብቻዬም በትንሽ ድስት መቀቀል ጀመርኩ። በ11ኛው ቀን ጎረቤት ቡና ተጠርቼ እንደ ልማዴ ጠጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። በቤታችን በቀን ሁለት ጊዜ ቡና ይፈላል፤ ሦስቱንም ሲኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ነው የምጠጣው። አምስት ሊትር ዘይትም ከ18 ቀን አያልፍም። ልጆቼ የእኔን ድስት ‹የሕመም ወጥ› ብለው ሰየሙት፤ አማቴ ደግሞ ዘይት የሌለው ወጥ ለቤቱም ለእንግዳውም ነውር ነው ይላሉ። ረመዳንን ሳላጓድል የምጾም ሰው ይህችን እንዴት አቃተኝ? ራሴን መግዛት የማልችል ሰው ሆኜ ነው?»

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አብሽሩ፣ ራስዎን መግዛት አላቃተዎትም። መልሱም እርስዎ ራስዎ የጻፉት ረመዳን ውስጥ አለ። አንድ ወር ሙሉ ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ የሽንኩርቱና የሳምቡሳው ሽታ በአፍንጫዎ እየገባ ለቤተሰብዎ ማፍጠሪያ ያዘጋጃሉ። ይህ የሚቻለው ግን በእርስዎ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ባልዎም፣ አማትዎም፣ ጎረቤቱም አብሮ ይጾማል፣ የሚያዝበትና የሚፈታበት ሰዓት የታወቀ ነው፣ ወሩም ሲያልቅ ዒድ ይመጣል። ከጤና ጣቢያ በተመለሱ ማግስት የጀመሩት ግን ማንም የማይጋራዎት፣ ሰዓት የሌለው፣ መጨረሻውም የማይታይ ጾም ነበር፤ ያውም አራት የዕድሜ ልክ ልማዶችን በአንድ ጠዋት ያስጣለ። እንዲህ ያለውን አካሄድ 11 ቀን መያዝዎ ነው የገረመኝ።

የተለኩትን ቁጥሮች በተመለከተ ሐኪምዎ የነገሩዎትን አልደግምም፤ ምን ያህል ጊዜ እንዳለዎት ለማሳየት ያህል ግን ጥቂት ልበል። የደም ግፊት በሽታ ተብሎ የሚያዘው በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ የስኳር በሽታ የሚባለው ደግሞ በባዶ ሆድ የተለካው 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም ነው። እርስዎ በሁለቱም በኩል ከመስመሩ ወዲህ ነዎት፤ ከጤናማው ልክ ግን አልፈዋል። በደም ስኳራቸው በዚህ መካከል ያሉ ሰዎችን ይዞ በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ አመጋገባቸውን አስተካክለው ክብደታቸውን ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ለመቀነስ የሞከሩና በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት፣ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ይህን የምነግርዎ መጠኑን እንዲያስተውሉት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከመቶ ሰባት እጅ ቀነሰ ማለት አምስት ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህም ሌላ ሰው መሆንን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረጉት እሱ ነውና። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሲኒ፣ በሲኒው ሁለት ማንኪያ፤ ይህ 12 ማንኪያ ነው። የሻይ ማንኪያ ተስተካክሎ ሲለካ አራት ግራም ያህል ስኳር ይይዛልና 48 ግራም ይሆናል፣ በወር ሲደመር ደግሞ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እርስዎ ታዲያ ሻይ ሳይጠጡ፣ ብስኩት ሳይነኩ፣ ለስላሳ ሳይከፍቱ፣ በአቦል በቶና በበረካ ብቻ የቀኑን ጣሪያ ሊነኩ ጥቂት ነው የቀረዎት። ለጤና ስንል ብዙ ጊዜ የምንታገለው በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚበላው ጮማ ጋር ነው፤ ጉዳቱ ግን ያለው በየቀኑ፣ ሳናየው በሚደጋገመው ነገር ላይ ነው። ከሚደጋገመው ይጀምሩ የምልዎትም ለዚህ ነው። ሲኒው ደግሞ በቤትዎ ካለው ነገር ሁሉ የእርስዎ ብቻ የሆነ ነው፤ ድስቱን ስድስት ሰው ይጋራዋል፣ በሲኒዎ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አይቀምሰውም፣ ማንም አይቆጣም።

ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ምንም ሌላ ነገር ሳይነኩ፣ ዘይቱንም እንጀራውንም እንደነበረ ትተው፣ ከሲኒው ግማሽ ማንኪያ ብቻ ያንሱ። ሁለቱ ማንኪያ አንድ ተኩል ይሁን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ይሁን፤ ያኔ ከ48 ወደ 24 ግራም ወርደዋል ማለት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ግማሽ ማንኪያ ይሞክሩ፤ ቢከብድዎት አንድ ላይ ይቆዩ፣ እሱም ብዙ ነው። ምላስ ይለመዳል። ለስኳርም ለጨውም ያለን ስሜት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱን ያስተካክላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት «ውኃ ውኃ አለኝ» ያሉት ቡና በስድስተኛው ሳምንት ልኩ ይሆናል፣ የድሮውን ቢቀምሱት ደግሞ እንደ ሽሮፕ ይሆንብዎታል።

ሁለት ነገር ይርዳዎት። አንደኛው አቆላሉ ነው። ቡናው ከልክ በላይ ሲጠቁር ይመራል፤ የሚመረውን ቡና ለማጣፈጥ ደግሞ ስኳር ይጨመራል። ምጣዱ ላይ ቡናው ተንጣጥቶ ጠይም ሲሆን፣ ገና ወዙ ሳይወጣና ሳይከስል ቢያወጡት ምሬቱ ይቀንሳል። ጤና አዳም ጣል ማድረግም የሲኒውን መዓዛ ስለሚሞላው የስኳሩ ማነስ አይታወቅም። በገጠሩ እንደሚደረገው በስኳሩ ፋንታ ጨው ልጨምር የሚል ሐሳብ ግን አይምጣብዎ፤ ግፊትዎ 136 ላይ ሆኖ ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሁለተኛው የጎረቤት ቡና ነው፤ በ11ኛው ቀን ያሸነፈዎት እሱ ስለሆነ ነገሩን በቅርብ እንየው። ብዙ ቤት ስኳሩ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ሲኒው ውስጥ ይገባል፤ ረከቦቱ ላይ ተደርድረው የሚያዩዋቸው ሲኒዎች ታች ስኳራቸውን ይዘው ነው የሚጠብቁት። ቡናው ደርሶዎት «ስኳር በዛብኝ» ቢሉ ቡናውን ያፈላችው ታፍራለች፣ እርስዎም ተቸግረው ይጠጡታል። ጀበናው ገና ከእሳት ሳይወርድ «ለእኔ አንድ ብቻ አድርጊልኝ፣ ልማድ እያስያዝኩ ነው» ይበሉ። ሕመም አላወሩም፣ ቡናውንም አልነቀፉም። ሦስቱን ሲኒ ጠጥተው፣ ዱዓውን ተቀብለው ይነሱ።

የራሴንም ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት እኔም ስኳርን በአንድ ቀን ለማቆም ቆርጬ ቡናውንም ጨምሬ ተውኩት፤ ስኳር ያለበትን ላለመጠጣት ብዬ ከጎረቤት ቡና ቀረሁ። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤቴ «ምን አስቀየምንሽ?» ብላ ደጄ መጣች። ያን ቀን የተረዳሁት፣ ከሰው የሚለየን አመጋገብ በወሎ ምድር ዕድሜ እንደሌለው ነው። ወደ ቡናው ተመለስኩ፤ ስኳሩን ግን ግማሽ ግማሽ እያደረግኩ በአራት ወር ውስጥ ጨረስኩት። እስከ ዛሬም አልተመለስኩበትም።

ሲኒው መስመር ሲይዝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ወደ ድስቱ ይሂዱ። ትንሿን ድስት ግን ያስቀምጧት። ለብቻ የሚበሰል ምግብ ከገበታው ያስነሳዎታል፣ የሕመም ስም ያሰጥዎታል፣ ሥራውንም እጥፍ ያደርግብዎታል። ይልቅ የሁሉ የሆነው ትልቁ ድስት በዝግታ ይቀየር። አምስት ሊትር በ18 ቀን ሲያልቅ ለስድስት ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 46 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለውና ከዘይት ብቻ ከ350 በላይ ይገባል። ልጆቹ እያደጉ ነውና ለእነሱ ይህ ላይከብድ ይችላል፤ ቀኑን በወንበር ላይ ለምትውል ሴት ግን ብዙ ነው።

ሚዛን መግዛት አያስፈልግዎትም፤ አዲሱን ጄሪካን የሚከፍቱበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው በፕላስተር ይለጥፉበት። የመጀመሪያው ጄሪካን 22 ቀን ከደረሰ ደህና ነው። ቀጣዩ 26፣ ከዚያ 30 ቀን እንዲደርስ ይሞክሩ። 30 ቀን ሲደርስ የነፍስ ወከፉ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በታች ወርዷል፤ ማንም ሰው ግን «ዘይት የሌለው ወጥ በላሁ» አይልም። ይህም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወር ተኩል ውስጥ የሚሆን ነው።

ዘይቱ የሚቀነስበት ቦታ ደግሞ ሽንኩርቱ ነው። ዶሮ ወጥ የምትሠራ ባለሙያ ሁሉ የምታውቀውን ነገር በየቀኑ ሽሮና ምስር ላይ እንረሳዋለን። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ዝግ ባለ እሳት ያቁላሉት፤ የራሱን ውኃ ያወጣል፣ ያ ውኃ ሲመጥ ድስቱ ግርጌ ላይ መያዝ ይጀምራል፣ ያኔ የቡና ሲኒ ሩብ በማታህል ውኃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉት። ሽንኩርቱ ቀልቶና ሟሙቶ ቅርጹ ሲጠፋ በርበሬው ይግባ፤ እሱም በውኃ ይቁላላ። ዘይቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በማንኪያ ተለክቶ። ከጄሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር ይቅር፤ እጅ ሁልጊዜ ከዓይን ይቀድማል። ዘይት መጨረሻ ላይ ሲገባ ወጡ ላይ ይታያል፣ ይወዛል፤ አማትዎ የሚፈልጉትም ይህንኑ መልኩን ይመስለኛል።

ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ደሴ ብርድ ናትና ጠዋት ጠዋት ጄሪካኑ ውስጥ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ የሚጠብቅዎት ከሆነ የፓልም ዘይት ነው። ከውስጡ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው የስብ ዓይነት ሲሆን፣ እሱ ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። የእኔ ምክር ዛሬውኑ ይቀይሩ የሚል አይደለም። በጄሪካኑ ላይ የሚቆጥቡት ሲጠራቀም፣ ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ብር ትንሽም ቢሆን የተሻለውን ዘይት መግዛት ይቻላል።

በጨው ላይ ብዙ አልቆይም። የሚመከረው መጠን ለአዋቂ በቀን ከአምስት ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳያልፍ ነው። ለስድስት ሰው በወር ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ያንሳል። የቤትዎ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ ወጡ ላይ የሚጨመረው ጨው ሁለተኛ ጨው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬ ሲያስፈጩ ጨዉን ይተዉት፤ ወጥ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨምሩ። አዮዲን ያለውን ጨው እንዳያቆሙ አደራ፤ እንቅርት ደጋ ባሉ አካባቢዎቻችን የታወቀ ችግር ነው። አዮዲኑ በሙቀትና በአየር ስለሚጠፋም ዘግይቶ መጨመሩና ዕቃው ተከድኖ መቀመጡ ይጠቅማል።

እንጀራውን ለምን እንዳቆሙት ይገባኛል፤ «ስኳር ነው» ብለው የሚያስፈራሩ ብዙ ናቸው። ጤፍ ግን ከነገለባው የሚፈጭ፣ ብረትና ካልሲየም ያለው፣ አሰር (ፋይበር) የማያጣ እህል ነው፤ ማሽላም በቤትዎ ከተለመደ ከነገለባው ተፈጭቶ ቢቀላቀል መልካም ነው። የሚስተካከለው የእንጀራውና የወጡ ድርሻ ነው። አብዛኞቻችን ሁለት እንጀራን በሁለት ጭልፋ ወጥ እናወራርዳለን። ከገበታው ሲቀርቡ መጀመሪያ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሰላጣውን ቀደም አድርገው ይቅመሱ፤ እንጀራው ይከተል። ከስታርቹ በፊት አትክልትና ጥራጥሬ ሲገባ ከምግብ በኋላ የደም ስኳር የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ሁለቱ እንጀራ አንድ ተኩል እስኪሆን ወር ቢፈጅ ግድ የለም።

ለዚህ ደግሞ ወሎ ምን ጎደላት? ከቃሉ ቆላ የሚመጣው ማሾ አለ፣ ከደላንታ የሚወርደው ምስር አለ፣ ሽምብራና ባቄላው አለ። ሰኞ ገበያ ወርደው ጎመን ሲገዙ ከለመዱት አንድ እስር ይጨምሩ፤ እናቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉት በከንቱ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ሽሮው በማሾ ወጥ ይተካ፤ አንድ ቀን ብቻ። ሽሮ ከገበያ ሲገዙ ግን ጓያ የበዛበት እንዳይሆን ይጠይቁ፤ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲዘወተር እግር ያሽመደምዳል። ወደ ሐይቅ መንገድ ሲገኝ አሳ ይዘው ይምጡ፤ በዘይት ከሚጠበስ ይልቅ በቲማቲምና በሽንኩርት በወጥ መልክ ቢሠራ ልጆቹም ይወዱታል። ፍራፍሬ ከመርሳ በኩል በየወቅቱ ይመጣል፤ እንዳለ ይበላ፣ ስኳር ተጨምሮበት የሚጠጣው ጭማቂ ፍራፍሬ ተብሎ አይቆጠር። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በየቀኑ ከተለያየ የምግብ ዓይነት መመገብና ጨውን፣ ስኳርንና ቅባትን መቀነስ።

ጠዋት ዳቦ በጣፋጭ ሻይ የሚበላ ከሆነ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት ቂንጬ ወይም የገብስ ገንፎ ይሞክሩ። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ሆድ ይይዛል፣ የስኳሩንም አገባብ ያዘገያል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልበልዎት። ቡናውን ከምሳ ጋር አያያይዙት፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቡናና ሻይ በጤፉና በጎመኑ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳሉ፤ ለእርስዎም ይልቁንም ለሴት ልጆችዎ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ረመዳን ሲመጣ የለመዱት ሁሉ ይፈርሳል ብለው አይስጉ። ሦስት ተምር፣ ውኃና ሾርባ ቀምሰው መግሪብን ሰግደው ሲመለሱ ረሃቡ ግማሹን ወርዶ ያገኙታል፤ ሳምቡሳው ያኔ ከአራት ወደ ሁለት በራሱ ይወርዳል። ወደፊት የስኳር መድኃኒት የሚታዘዝልዎት ከሆነ ግን ከጾሙ በፊት ሐኪምዎን ማማከር ግድ ነው። ሰርግ፣ መውሊድና ሰደቃ ላይ ከሰው ጋር ይብሉ፤ «በሞቴ» ብለው ያጎረሱዎትን አይመልሱ። በወር ሁለት ሦስት ቀን የሚመጣ ድግስ ያን ያህል አይጎዳዎትም። የሚጎዳው በማግስቱ «አንዴ ፈርሷል» ማለቱ ነው። ያ የ11ኛው ቀን ቡና ሦስት ሲኒ ነበር፣ ከዚያ አላለፈም ነበር፤ በ12ኛው ቀን ጠዋት ወደ አንድ ተኩል ማንኪያ የሚመለሱበት መንገድ ቢኖርዎት ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አይጽፉም ነበር።

ከቢሮ ሲወጡ ባጃጅ የሚሳፈሩ ከሆነ ከግማሽ መንገድ ይውረዱ፤ የደሴ ዳገት ለልብ ጥሩ ሥራ ነው። የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን አስቀድመው ይመርመሩ። በቀጠሮዎ ቀን ደግሞ የሲኒዎን ማንኪያና የጄሪካኑን ቀናት የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይግቡ። «አመጋገቤን አስተካክያለሁ» ከሚል ቃል ይልቅ ያ ወረቀት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ቁጥሮቹ ባይወርዱና መድኃኒት ቢታዘዝም ሽንፈት አድርገው አይቁጠሩት፤ መድኃኒቱም ሲኒውም አብረው ይሠራሉ።

የቀሩኝ አማትዎ ናቸው። እሳቸውን በክርክር ለማሸነፍ አይሞክሩ፤ ዘይት ማፍሰስ የቤት ክብር የሆነበት ዘመን በእሳቸው ዕድሜ የመጣ እንጂ አብሯቸው ያደገ አይመስለኝም። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠው፣ ጄሪካን ወደ ገበያ ሳይመጣ በፊት እናታቸው ወጥ በምን ይሠሩ እንደነበር ይጠይቋቸው። ሱፉ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተጠልሎ እንዴት ፍትፍት እንደሚሆን፣ ተልባው እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ ጎመኑ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ እንዴት እንደሚጥም ያውቁ ይሆናል፤ ካወቁም ለመናገር የሚጠይቃቸው ሰው ነው ያጡት። በሚመጣው ጁምዓ ምሳውን እሳቸው ይምሩት፣ እርስዎ ሽንኩርት እየከተፉ አጠገባቸው ይቀመጡ። ልጆቹም ከትሪው ዙሪያ ሲሰበሰቡ የአያታቸውን ወጥ ይበላሉ እንጂ የሕመም ወጥ አይሉትም።